ልጁን ከመክሰሳችን በፊት

ለሰው ሁሉ የታወቀ አንድ እውነት አለ፤ ይኸውም ያልዘሩትን ማጨድ አለመቻሉ ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት፥ መጽሐፍ ማገላበጥ አያስፈልግም። በታች አርማጭሆ ቆላ ሰሊጥና ማሽላ የሚያመርተው የሳንጃ ገበሬ ከአባቱ ወርሶ ያውቀዋል። ማሳውን ሳይመነጥር፥ ሳያርስና ሳይዘራ፥ አጨዳ ሲደርስ ማጭዱን ስሎ ወደ ጎረቤቱ እርሻ የሚሄድ ሰው ቢኖር አገር ይስቅበታል፤ ጎረቤቱንም «ሰሊጤን ወሰድህብኝ» ብሎ ቢከስ ዳኛው ያባርረዋል። ነገር ግን በእርሻ የምናፍርበትን ይህን ነገር በእግር ኳስ ስንሠራው አናፍርም። እንዲያውም አገር ወዳድነት ነው ብለን እንኮራበታለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳንጃ ከጎንደር ወደ ሑመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። በዚያች ከተማ፥ የአውሮፓን የእግር ኳስ ጨዋታ በሳተላይት እየተቀበለ በክፍያ ከሚያሳይ አንድ ቤት ውስጥ፥ ከጥቂት ዓመታት በፊት ተቀምጠን ነበር። መምህራን፥ ተማሪዎች፥ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች፥ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረዱ ጎልማሶች በአንድ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ያያሉ። የጀርመን አገር ክለቦች ይጫወቱ ነበርና ከተጫዋቾቹ የአንደኛው ጀርባ ላይ «ገብረ ሥላሴ» የሚል ስም ተጽፎ ታየ። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። «የኛ ልጅ ነው!» ያላለ አልነበረም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን አንድ ተማሪ ቀስ ብሎ፥ «ለቼክ አገር ነው እንጂ ለኢትዮጵያስ ተጫውቶ አያውቅም» ሲል ጭብጨባው ቆመ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን አስተካክለው፥ «እንግዲያው ምኑ የኛ ነው? ከሃዲ ነው!» አሉ። ማንም አልተቃወማቸውም። እኛም ዝም አልን። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው ያን ዝምታችንን ለመካስ ነው።

«ከሃዲ» የሚለው ቃል በሳንጃ ብቻ የተነገረ ቢሆን ኖሮ ባላነሣነው ነበር። ነገር ግን በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶችም፥ በትምህርት ቤት አጥሮች ሥርም፥ በጋዜጣ ዓምዶችም የሚሰማ ቃል ነው። አባቱ ወይም እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆነች፥ በውጭ አገር ተወልዶ ያደገ ልጅ በኳስ ሲታወቅ በመጀመሪያ እናጨበጭብለታለን፤ የሌላ አገር ማልያ ሲለብስ ደግሞ እንከሰዋለን። ክህደት ግን ምን ማለት ነው? የተቀበሉትን አደራ መብላት፥ የበሉበትን ወጭት መስበር ማለት አይደለምን? እንግዲህ ክሱ ከመሰማቱ በፊት ልጁ ከእኛ ምን እንደ ተቀበለ መጠየቅ ይገባል።

ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1986 በቼክ አገር በትረቢች ከተማ ተወለደ። አባቱ ኢትዮጵያዊ፥ እናቱ የቼክ ተወላጅ ናት። ፊደል የቆጠረው በዚያ አገር ቋንቋ ነው፤ ኳስ የተማረው በዚያ አገር ሜዳ ነው። ከስሎቫን ሊበሬትስ ክለብ ጋር በ2012 የአገሩን የሊግ ዋንጫ ወሰደ፤ በዚያው ዓመት ለአውሮፓ ዋንጫ ተሰለፈ፤ ከዚያም ወደ ጀርመን ሄዶ በቬርደር ብሬመን ክለብ እስከ 2021 ድረስ ተጫወተ። በቼክ ብሔራዊ ቡድን ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች እርሱ ነው። በአውሮፓው ዋንጫ ከሩሲያ ጋር በተጫወቱ ጊዜ ከተመልካቹ መካከል በቆዳው ቀለም የሰደቡት ነበሩ። እንግዲህ አስቡት፦ በአንድ በኩል «ጥቁር ነህ» ብለው ይሰድቡታል፤ በሌላ በኩል እኛ «ነጭ ሆንክብን» ብለን እንሰድበዋለን። ይህ ሰው ከእኛ የተቀበለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ስሙ ነው። ያን ስም ደግሞ አልካደውም፤ በአውሮፓ ስታዲየሞች ሁሉ በጀርባው ተሸክሞ ዞረ።

ይህ ነገር ቀላል ነው የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል፤ እናቱ የቼክ ተወላጅ ናትና። ስለዚህ ከዚህ የሚከብደውን ጉዳይ እናንሣ፤ እናቱም አባቱም ኢትዮጵያውያን ስለ ሆኑ ልጅ። ጌዲዮን ዘላለም እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 1997 በበርሊን ከተማ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ በዚያው ከተማ በሄርታ ክለብ ኳስ ጀመረ። በ2006 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በዋሽንግተን አቅራቢያ በሜሪላንድ አደገ። በ2013 የለንደኑ አርሰናል ወሰደው። በጥር ወር 2014 ከኮቨንትሪ ሲቲ ጋር በተደረገ የእንግሊዝ ዋንጫ ጨዋታ ተቀይሮ ሲገባ፥ አርሴን ቬንገር አሠልጣኝ ከሆኑ በኋላ ተወልዶ ለአርሰናል የተሰለፈ የመጀመሪያው ልጅ ሆነ። በዚያን ጊዜ ገና 17 ዓመቱን ሊሞላ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር።

ይህ ልጅ በሦስት አገሮች መካከል ቆሞ ነበር፤ በተወለደበት ጀርመን፥ ባደገበት አሜሪካና በወላጆቹ አገር በኢትዮጵያ። ጀርመኖች በታዳጊ ቡድኖቻቸው አሰለፉት። አሜሪካ በታኅሣሥ ወር 2014 ዜግነት ሰጠችው። ነገር ግን ዜግነቱ ብቻ አልበቃም፤ የዓለም እግር ኳስ ማኅበር፥ ፊፋ፥ በደንቡ መሠረት ልዩ ፈቃድ እንዲሰጥ ያስፈልግ ነበር። የአሜሪካ ፌዴሬሽን አመለከተ፤ ፈቃዱም በግንቦት ወር 2015 ተገኘ። በዚያው ወር ልጁ በኒው ዚላንድ በተደረገው የወጣቶች የዓለም ዋንጫ ለአሜሪካ ተሰለፈ። አንባቢ ልብ ይበል፦ ወረቀት የሚያዘጋጅ፥ ማመልከቻ የሚጽፍ፥ መልሱን ተከታትሎ የሚጨርስ መሥሪያ ቤት ከልጁ ኋላ ቆሞ ነበር።

በኢትዮጵያ በኩልስ ምን ነበረ? አንድ የሕግ አንቀጽ ነበረ። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ከወላጆቹ አንዱ ወይም ሁለቱም ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ሁሉ በትውልድ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። ይህ መልካም ቃል ነው። ዝቅ ብሎ በአንቀጽ 20 ግን፥ በውጭ አገር በመወለዱ ወይም ከወላጁ በማግኘቱ የሌላ አገር ዜግነት ያለው ኢትዮጵያዊ፥ አካለ መጠን ባደረሰ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን መምረጡን ለባለ ሥልጣኑ ካላስታወቀ፥ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደ ተወ ይቈጠራል ይላል። ስለዚህ ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ዝም በማለቱ ብቻ ካደ ማለት ነው። ማንም መጥቶ ያልጠየቀው፥ አዋጁ መኖሩን እንኳ ያልሰማ ልጅ በ19 ዓመቱ የልደት ቀን ሲነቃ ኢትዮጵያዊ አይደለም።

የሳንጃን ሰሊጥ የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር በቶሎ ይረዳዋል። ሰሊጥ የሚጠብቅ እህል አይደለም። ወቅቱ ደርሶ ሳይታጨድ ጥቂት ቀን ከሰነበተ የፍሬው ከረጢት ይሰነጠቅና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ከአፈር ለቅሞ የሚመልሰው የለም። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ የቀን ሠራተኛ አስቀድሞ ይፈልጋል፤ ሌሊትም ቢሆን ያሳጭዳል። በሕጋችንም ለውጭ ተወላጁ ልጅ አንድ የአጨዳ ወቅት ተወስኖለታል፤ ከ18 እስከ 19 ዓመቱ። ታዲያ በዚያ ወቅት ማጭድ ይዞ ከማሳው የተገኘ ማን ነው? ወቅቱ ካለፈ በኋላ መሬት ላይ የረገፈውን ፍሬ «ለምን ረገፍህ?» ብሎ መርገም ከገበሬ ብልሃት አይደለም።

የጌዲዮንን ያንን አንድ ዓመት እንመርምር። ልጁ 18 ዓመት የሞላው በጥር 2015 ነው። በዚያ ዓመት ውስጥ በኒው ዚላንድ ተጫወተ፤ ወዲያው ደግሞ አርሰናል ለስኮትላንዱ ሬንጀርስ አዋሰው። በዚያን ጊዜ የአውሮፓ ኅብረት አገር ፓስፖርት የያዘ ተጫዋች በብሪታንያ ያለ ሥራ ፈቃድ መጫወት ይችል ነበር። የአፍሪካ ፓስፖርት ብቻ የያዘ ተጫዋች ግን ልዩ የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ፈቃዱም አገሩ በዓለም የእግር ኳስ ደረጃ ከያዘችው ተራ ጋር የተያያዘ ነው። ኢትዮጵያ ከዚያ ተራ በጣም ርቃ ነበር። እንግዲህ እውነቱን እንናገር፦ በውጭ አገር ክለብ እንጀራውን የሚበላ የ18 ዓመት ልጅ፥ በእኛ ሕግ መሠረት ለኢትዮጵያ ለመጫወት የሚጠየቀው ልቡን ብቻ አይደለም፤ የሚሠራበትን ፈቃድ አቃጥሎ ይምጣ ማለት ነው። ከሳሾች ሆይ፥ ከእናንተ መካከል ለአገሩ ፍቅር ሲል የሥራ መታወቂያውን ቀድዶ የጣለ ማን ነው?

«በገንዘብ ተሸጠ» የሚሉም አሉ። የዚህን ልጅ ታሪክ እስከ መጨረሻው የተከተለ ሰው እንዲህ አይልም። በ2017 በደቡብ ኮሪያ በተደረገው የወጣቶች የዓለም ዋንጫ ለአሜሪካ ሲጫወት ጉልበቱ ተጎዳ፤ ብዙ ጊዜም ከሜዳ ራቀ። ከዚያ በኋላ አርሰናልን ትቶ ወደ አሜሪካ ክለቦች፥ ወደ ካንሳስ ሲቲና ወደ ኒው ዮርክ ሄደ። የኳስ ተጫዋች ሕይወት እንዲህ ያለ ነው፤ ዕድሜው አጭር፥ ጉልበቱ ተሰባሪ፥ ዕንጀራው የማይታመን። አገር መምረጥም ለእርሱ እንደ ማንኛውም ወጣት ከብዙ ጭንቀት ጋር የሚደረግ ውሳኔ ነው እንጂ በገበያ ላይ የሚቆም ሽያጭ አይደለም።

አሁን ተቃራኒዎቻችን የሚያቀርቡትን ክርክር በቅንነት እንስማ። የመጀመሪያው፥ «የአገር ፍቅር በደም ነው፤ ባዕድ ወይም የተደባለቀ ሰው ለባንዲራ ከልቡ አይሞትም» የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሰጠን ከራሳችን ታሪክ የወጣ ሰው ነው። ሉቺያኖ ቫሳሎ በ1935 እ.ኤ.አ. በአሥመራ ተወለደ፤ አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር፥ እናቱ ኤርትራዊት ነበረች። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፥ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም፥ ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ዋንጫ ከግብፅ ቡድን ጋር ገጠመች። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ግብፆች 2 ለ 1 ይመሩ ነበር። አቻ የሚያደርገውን ግብ ያገባው አምበሉ ሉቺያኖ ነው። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፥ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡና 4 ለ 2 አሸነፍን። ዋንጫውንም ግርማዊ ንጉሠ ነገሥቱ ለሉቺያኖ አስረከቡት። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ያን ዋንጫ አላነሣችም።

የአርማጭሆ ሰው ይህን ታሪክ በልዩ ሚዛን ሊመዝነው ይገባል። አርማጭሆ በጠላት ወረራ ዘመን የአርበኞች ምሽግ ነበረ፤ አባቶቻችን ከጣሊያን ወታደር ጋር የተዋጉበት ዱር ነው። ጠላት ከተባረረ ከ21 ዓመት በኋላ የጣሊያን ወታደር ልጅ የኢትዮጵያን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ለብሶ፥ አምበል ሆኖ፥ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። አርበኞቹ ያሸነፉት ድል ሙሉ የሆነው በዚያን ቀን ነው ብንል አልተሳሳትንም። ጠላት የተወውን ልጅ የራስ ማድረግ ጠላትን ሁለተኛ ማሸነፍ ነውና። በ1970 ዓ.ም. ግን በደርግ ዘመን ሉቺያኖ ከአገር ተሰደደ፤ ኑሮውንም በጣሊያን መኪና በመጠገን ገፋ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. በዚያው አገር ዐረፈ። ዋንጫ ያመጣልንን ሰው በስደት ያስቀረን ሕዝብ፥ አልመጣልንም ያለውን ልጅ «ከሃዲ» ለማለት በየትኛው አፉ ይናገራል?

ሁለተኛው ክርክር፥ «ሁለት ዜግነት መፍቀድ ለአገር ደኅንነት ያሠጋል፤ ስለ ኳስ ተብሎ ሕግ አይናድም» የሚል ነው። ይህን ክርክር አንንቀውም። ነገር ግን መንግሥታችን ራሱ ከዚህ ፍርሃት ግማሹን ከብዙ ዓመት በፊት ጥሎታል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ለውጭ ዜጋ ለሆኑ ትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ተፈቅዷል፤ ሕዝቡ «ቢጫ ካርድ» ይለዋል። ይህን የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፤ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፤ ንብረት ያፈራል፤ መምረጥና መመረጥ ግን፥ እንደዚሁም በመከላከያና በጸጥታ መሥሪያ ቤቶች መቀጠር አይችልም። ታዲያ ነጋዴው በቢጫ ካርዱ ፋብሪካ መሥራት ሲችል ኳስ ተጫዋቹ በቢጫ ካርዱ ኳስ መምታት አይችልም፤ ፊፋ የሚቀበለው ሙሉ ዜግነትን እንጂ የነዋሪነት መታወቂያን አይደለምና። ሚሊዮን ብር ይዞ የሚመጣውን የተቀበለ በር፥ እግሩን ብቻ ይዞ የሚመጣውን ሲመልስ የአገር ደኅንነት ምን ተጠቀመ? እኛ የምንጠይቀው ሕጉ ሁሉ እንዲናድ አይደለም፤ በልደት ሁለት ዜግነት የደረሰው ልጅ አንዱን እንዲገድል እንዳይገደድ፥ ቢያንስ ደግሞ የአንዱ ዓመት ጊዜ እንዲራዘም ነው። የፖለቲካና የጸጥታ ሥራ ለብቻው ሊከለከል ይችላል፤ ኳስ ግን መድፍ አይደለም።

የዓለም ሕግም ቢሆን እየሰፋ እንጂ እየጠበበ አልሄደም። በጥንት ዘመን ፑሽካሽ በ1954 ለሀንጋሪ፥ በ1962 ለስፔን በዓለም ዋንጫ ተጫውቷል፤ አልታፊኒም በ1958 ለብራዚል፥ በ1962 ለጣሊያን ተሰልፏል። ከዚያ በኋላ ፊፋ በሩን ዘጋው። በ2004 ለወጣቶች በጥቂቱ ከፈተው፤ በ2020 ደግሞ ከ21 ዓመቱ በፊት ለዋናው ቡድን ከሦስት ያልበለጠ ጨዋታ ያደረገ ተጫዋች፥ ሌሎች ሁኔታዎች ሲሟሉ፥ ማልያውን እንዲለውጥ ፈቀደ። ዓለም ወጣት ሊሳሳት፥ ልቡም ሊመለስ እንደሚችል ተረድቷል። የሚመለስም አለ፤ በኢትዮጵያ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው ፉአድ ኢብራሂም ለአሜሪካ ወጣት ቡድኖች ከተጫወተ በኋላ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ በተመለሰችበት በ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ የአገሩን ማልያ ለብሷል። እንዲህ ያሉት ግን በጣት የሚቈጠሩ ናቸው።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሚነካው ነው። «ከበርሊንና ከስቶክሆልም ልጅ ስትሰበስቡ የሳንጃው ልጅ የት ይግባ?» ይሉናል። ይህ ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው። መልሱን ከሞሮኮ እንማር። በ2022 የዓለም ዋንጫ ሞሮኮ ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ሆና ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። ከ26ቱ ተጫዋቾቿ 14ቱ በውጭ አገር የተወለዱ ነበሩ። ስፔንን በፍጹም ቅጣት ምት ሲያሸንፉ የመጨረሻዋን ኳስ የመታው አሽራፍ ሐኪሚ የተወለደው በስፔን ዋና ከተማ በማድሪድ ነው። ከዚያ በኋላ ፖርቱጋልን ያሸነፈችውን አንዲት ግብ በግንባሩ ያገባው ዩሱፍ አን-ነሲሪ ግን የፌዝ ልጅ ነው፤ ያደገውም ሞሮኮ በገዛ መሬቷ በሠራችው የኳስ ትምህርት ቤት ነው። ሞሮኮ የተጓዘችው በሁለት እግር ነው። አንዱ እግር ለውጭ ልጅ የተከፈተ በር ነው፤ ሁለተኛው እግር ለአገር ልጅ የተደለደለ ሜዳ ነው። አንዱ ብቻ ቢሆን ኖሮ አንካሳ በሆነች ነበር። የሳንጃውን ልጅ የሚያስቀረው የበርሊኑ ልጅ መምጣት አይደለም፤ የሚያስቀረው ሜዳና አሠልጣኝ ማጣቱ ነው።

ስለ ሜዳ ካነሣን አንድ የሚያሳፍር ነገር ሳንናገር አናልፍም። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቡድን ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ። ደስታው ታላቅ ነበር። ነገር ግን ያ ጨዋታ በኢትዮጵያ ቤት ተራ የተደረገ ሲሆን፥ የተደረገው በአዲስ አበባ ወይም በባሕር ዳር አልነበረም፤ በማላዊ አገር በሊሎንግዌ ከተማ ነበር። ስታዲየሞቻችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የሚጠይቀውን መስፈርት ስላላሟሉ ቡድናችን ሜዳ ተውሶ ተጫወተ። በ1954 ዓ.ም. ያንኑ ግብፅን በገዛ ሕዝባችን ፊት አሸንፈን ነበር፤ ከ60 ዓመት በኋላ በእንግድነት ሄደን በሰው ቤት አሸነፍነው። ራሱ ብሔራዊ ቡድናችን በስደት ሜዳ ሲጫወት፥ ስደት ላይ የተወለደውን ልጅ «ለምን በሰው ሜዳ ተጫወትህ?» ብሎ መክሰስ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

ስደትን ከጠራን ዘንድ፥ አርማጭሆ ስለዚህ ነገር ከሌላው አገር ይልቅ ብዙ የሚያውቀው አለ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ቤተ እስራኤላውያን ከጎንደር አካባቢ መንደሮቻቸው ተነሥተው በዚህ ቆላ በኩል ጭምር በእግራቸው ወደ ሱዳን ተሻገሩ። ብዙዎቹ በመንገድና በመጠለያ ሰፈር አለቁ። የተረፉት እስራኤል ደረሱ። በኋላ ዘመን ከኢትዮጵያ ከፈለሱ ወላጆች በእስራኤል የተወለደው ኤሊ ዳሳ የዚያ አገር ብሔራዊ ቡድን አምበል እስከ መሆን ደረሰ። ወላጆቹ ሲሰደዱ እርሱ አልተወለደም፤ ድንበሩን የተሻገረው በእግሩ አይደለም። እንዲህ ያለውን ልጅ ለመክሰስ የሚነሣ ሰው ወላጆቹን ያሰናበተችውን መንገድ ዳር ቆሞ ቢያስብ ይሻለዋል። ልጆች በሌላ አገር የሚበቅሉት አባቶች ከዚህ ስለ ተነቀሉ ነው። የተነቀሉበትን ምክንያት ሳይመረምሩ ፍሬውን መርገም ከዛፉ ጋር መጣላት ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ የምንለው ምንድን ነው? የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ልጁን መክሰስ ይቁም፤ ክሱ ወደ እኛ ይመለስ። ሕግ የሚያረቁ ሰዎች በልደት ሁለት ዜግነት የደረሰውን ልጅ ጉዳይ ዳግመኛ ይመልከቱት፤ አንድ ዓመት የአንድን ልጅ አገር ለመወሰን አጭር ጊዜ ነው። በኤምባሲዎቻችን ያሉ ባለ ሥልጣኖች ደግሞ ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ ያለውን ሕግ እንኳ ለወላጆች ያስታውቁ፤ የ17 ዓመት ልጅ ያላቸው ቤተሰቦች ሊመጣ ስላለው ወቅት በጊዜ ይንገሯቸው። የኳስ መሪዎችም መዝገብና ወረቀት የሚይዝ ክፍል ያቋቁሙ። በ2013 እ.ኤ.አ. በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳ ላይ አሸንፈን ሳለ፥ ሁለት ቢጫ ካርድ አይቶ የታገደ ተጫዋች በማሰለፋችን ሦስቱን ነጥብ በወረቀት ማጣታችን የቅርብ ትምህርት ነው። የራሱን ተጫዋች ቢጫ ካርድ ያልቈጠረ፥ የበርሊንን ልጅ የልደት ቀን ሊቈጥር አይችልም።

መምህራን ሆይ፥ ለተማሪዎቻችሁ የአገር ፍቅርን ስታስተምሩ ሌላውን በመርገም አትጀምሩ። የአገር ፍቅር ማለት ራስ የሚከፍሉት ዋጋ እንጂ በሌላው ላይ የሚጥሉት ግብር አይደለም። ተማሪዎች ሆይ፥ በምስል የምታዩት ባለ ማልያ ወንድማችሁ ለማን ይጫወት እንደ ሆነ ከመጠየቃችሁ በፊት፥ በከተማችሁ ያለው ሜዳ ለማን እንደ ተደለደለ ጠይቁ።

በሳንጃ ጥላ ሲረዝም ልጆች ወደ ባዶው ሜዳ ይወጣሉ። ሁለት ድንጋይ በዚህ፥ ሁለት ድንጋይ በዚያ ያስቀምጡና በር ያደርጋሉ፤ ኳሳቸው በገመድ የተጠረነቀ ጨርቅ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ግብ ሲያገባ እጁን ዘርግቶ ይሮጥና በውጭ አገር ያለ የአንዱን ተጫዋች ስም እየጠራ ይጮኻል። የሚጠራው ስም የኢትዮጵያዊ ስም የሆነበት ቀን አለ፤ ያ ስም ያለው ሰው ለማን አገር እንደሚጫወት ልጁ አያውቅም፤ ቢያውቅም ግድ የለውም። እርሱ የሚያውቀው እንዲህ ያለ ስም ከዚህ ወጥቶ እዚያ መድረስ መቻሉን ብቻ ነው። ያን ልጅ ከበርሊኑ ልጅ ጋር በአንድ ማልያ ሥር ማቆም የእኛ ሥራ ነው። ይህን ሳንሠራ የምንናገረው ክስ ሁሉ፥ ያልዘሩትን ሰሊጥ ከጎረቤት ማሳ እንደ መጠየቅ ነው፤ ይህንም የሳንጃ ገበሬ ይስቅበታል።